ኢንተርኔት የማይጠይቅ የእቁብ መዝገብ በጃንጎ፦ ከባዶ ፎልደር እስከ እሑድ ዕጣ

እቁብ ላይ የሚነሣ ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጥያቄ ይጀምራል፦ «ያለፈው እሑድ ጥያለሁ ወይስ አልጣልኩም?» አክስቴ የሰፈሯ እቁብ ጸሐፊ ናት። 30 ዕጣ፣ በየሳምንቱ 500 ብር፣ ለወጣለት 15,000 ብር። መዝገቡ ባለ መስመር ደብተር ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ የሦስት ሳምንት ገጽ ሲበላሽ፣ ማን እንደጣለ ለማስታወስ ሁለት እሑድ ሙሉ ተከራከሩ። እኔም «ግድ የለሽም፣ አፕ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

የመጀመሪያውን ውጭ አገር ባለ ነጻ ሰርቨር ላይ ጫንኩት። እሑድ ደረሰ፤ ኔትወርክ የለም። አክስቴ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ደብተሯን አወጣች። ምንም አላለችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛውን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሠራሁት፤ ሰርቨሩም ዳታቤዙም ፎንቱም ከቤት ሳይወጡ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ የሁለተኛው አሠራር ነው። ለዕድር፣ ለሱቅ ዱቤ፣ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም መንገዱ ያው ነው።

ትዕዛዞቹን ለታናሽ ወንድሜ በስልክ እንዳስጻፍኩት፣ በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ። ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። ፓይተንን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ይህ መመሪያ ይከብዳል፤ ፈንክሽንና ክላስ ምን እንደሆኑ ለሚያውቅ ግን ይበቃል።

ለምን ጃንጎ?

ጃንጎ በፓይተን የተጻፈ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የድር ፍሬምወርክ፣ ማለትም የድር መተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ፣ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ የድር ክፍል ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሙን የወሰደው ከጊታር ተጫዋቹ ከጃንጎ ራይንሃርት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያለችው የላቲን «ዲ» አትነበብም፣ «ድጃንጎ» የሚሉትን አትስሟቸው። የጋዜጣ ቤት ልጅ መሆኑ ለእኛ ጠቅሞናል። ጋዜጠኞች ፕሮግራመር ሳይጠሩ ጽሑፍ እንዲያስገቡ ሲባል «አድሚን» የሚባል ክፍል አብሮት አደገ፤ ይህ ክፍል የሠንጠረዦቻችሁን አወቃቀር አይቶ መሙያ ቅጹን ራሱ ያዘጋጃል። የእቁብ ጸሐፊ ሥራም በአብዛኛው ቅጽ መሙላት ነው።

ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ነው። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሲሆን የባለቤትነት መብት እንኳ አልተያዘበትም፤ የሕዝብ ንብረት ነው። ለብቻው የሚነሣ ሰርቨር የለውም፤ የእቁቡ ታሪክ በሙሉ በአንዲት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ፋይሏን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ድክመቱ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። የእኛ ጸሐፊ አንድ ናት።

ሌላ ምርጫ የለም ማለቴ አይደለም። ፒኤችፒ የለመደ ሰው ዛምፕን ጭኖ ላራቬልን ቢጠቀም አልቃወምም፤ ዛምፕ አፓቼን፣ ማሪያዲቢን፣ ፒኤችፒንና ፐርልን በአንድ ጥቅል ይሰጣል። ነገር ግን ዳታቤዙ ራሱን የቻለ ሰርቨር ስለሆነ የሚነሣውና የሚዘጋው ነገር ይበዛል። በጃቫስክሪፕት የሚሠሩት መሣሪያዎች ደግሞ ለትንሽ ሥራ እንኳ መዓት ጥቅሎች ያስወርዳሉ፤ ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ጃንጎ ከነተከታዮቹ ከ10 ሜጋባይት አይበልጥም።

ዳታ ባለበት ቀን የሚወርዱ

ፓይተን 3.10 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ በመጀመሪያው መስኮት ግርጌ ፓይተንን ወደ «ፓዝ» የምትጨምር ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷን ምልክት ሳታደርጉ አትለፉ። ስንት ጀማሪ «ትዕዛዙ አይታወቅም» እየተባለ ቀኑን የጨረሰው በእሷ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፓይተን ቀድሞውንም አለ፤ «ፓይተን3-ቬንቭ» የሚባለው ጥቅል ግን ለብቻው ይጫናል።

ለኮድ መጻፊያ ቪኤስኮዲየምን እጠቀማለሁ። ቪኤስ ኮድ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከክፍቱ ኮድ በማኅበረሰቡ የተሰናዳ መሆኑ ነው። የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊትም ይውረድ። ቡትስትራፕ ከተባለው የገጽ ማስዋቢያ ጥቅል የምንፈልገው የታመቀውን የሲኤስኤስ ፋይል ብቻ ነው። ለፊደላችን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት አውርዱ፤ በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ ከመተግበሪያው ጋር ማደል ይቻላል። የጃንጎ ማኑዋልም ከመስመር ውጭ እንዲነበብ ተጠቅልሎ ይወርዳል፤ እሱን ያልያዘ ሰው ኔትወርክ በጠፋ ሰዓት እጁ ይታሰራል።

አሁን «ጎተራ» የሚል ፎልደር ፍጠሩና እዚያ ውስጥ ተርሚናል ከፍታችሁ ይህን ጻፉ፦

«ፒፕ ዳውንሎድ ጃንጎ~=5.2 ዌይትረስ ዋይትኖይዝ»

ፒፕ የፓይተን ጥቅል ማውረጃና መጫኛ ነው፤ ዌይትረስ ሰርቨር፣ ዋይትኖይዝ ደግሞ የሲኤስኤስ ፋይሎችን አቀባይ ነው። ይህ ትዕዛዝ ጥቅሎቹን አይጭንም፤ ያጠራቅማል። 5.2ን የመረጥኩት የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ስለሆነ ነው፤ የደኅንነት ማስተካከያ እስከ ኤፕሪል 2028 ይወጣለታል። አንድ ጥንቃቄ፦ መተግበሪያው የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ጎተራውንም ዊንዶውስ ላይ ሙሉ። ዊንዶውስ የራሱ የሰዓት ቀጠና መረጃ ስለሌለው ጃንጎ ተጨማሪ ጥቅል ይፈልጋል፤ ሊኑክስ ላይ ካወረዳችሁ ያ ጥቅል አብሮ አይመጣም። እኔ ይህን ያወቅሁት አክስቴ ቤት ደርሼ፣ ፍላሹን ከሰካሁ በኋላ ነው።

ፕሮጀክቱን ማቆም

ለፕሮጀክቱ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ፤ ጎተራውን እዚያ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ፦

«ፓይተን -ኤም ቬንቭ ቬንቭ»

ይህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል የፓይተን ክፍል ያበጃል። ዊንዶውስ ላይ በ«ቬንቭ\ስክሪፕትስ\አክቲቬት»፣ ሊኑክስ ላይ በ«ሶርስ ቬንቭ/ቢን/አክቲቬት» ይከፈታል። ፓወርሼል ስክሪፕት ማስኬድ ክልክል ነው ካላችሁ አትጨቃጨቁት፤ የድሮውን ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ «ቬንቭ» የሚል ምልክት ከታየ ገብታችኋል። ቀጥሎ ከጎተራው ጫኑ፦

«ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ=ጎተራ ጃንጎ ዌይትረስ ዋይትኖይዝ»

ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ሞክሩት። እንደዚያ ሆኖ ከተጫነ፣ ሌላ ማንኛውም ላፕቶፕ ላይም በፍላሽ ይጫናል። ከዚያ ሁለት ትዕዛዞች፦

«ጃንጎ-አድሚን ስታርትፕሮጀክት ኮንፊግ .»

«ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ስታርትአፕ መዝገብ»

በመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ የአረፍተ ነገር ማቆሚያ አይደለችም፤ «እዚሁ ፎልደር ውስጥ» ማለት ናት። ብትረሷት ፎልደር በፎልደር ውስጥ ተደራርቦ ያደናግራችኋል።

«ሴቲንግስ» በሚለው ፋይል ውስጥ ሁለት ነገር ይቀየራል። የተጫኑ አፖች ዝርዝር ላይ መዝገብን ጨምሩ። የሰዓት ቀጠናውን ደግሞ ከዩቲሲ ወደ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ለውጡ። ካልለወጣችሁት ጃንጎ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ባለው ጊዜ ዛሬን ትናንት ይላል፤ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነውና። በዚያ ሰዓት እቁብ የሚጥል የለም ትሉ ይሆናል፤ ከማኅበር አምሽታ ሒሳብ የምታስገባ ጸሐፊ ግን አለች።

ሠንጠረዦቹ፦ ሰው ሌላ፣ ዕጣ ሌላ

ብዙ ጊዜ የምታጠፉት እዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እኔ የተሳሳትኩትም እዚህ ነው። በመጀመሪያው ሙከራዬ «እቁብተኛ» የሚል አንድ ሠንጠረዥ ሠርቼ 30 ሰው መዘገብኩ። አክስቴ አይታ «እነዚህ ሁለቱ እኮ ግማሽ ግማሽ ናቸው፤ ይቺ ደግሞ ሁለት ዕጣ አላት» አለችኝ። ሠንጠረዡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈረሰ። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ከጸሐፊዋ ጋር ቡና ጠጡ።

የሚሠራው አከፋፈል አምስት ሠንጠረዥ አለው። ሰው፦ ስም፣ ስልክ፣ ዋስ። ዕጣ፦ ከ1 እስከ 30 ቁጥር ብቻ። ድርሻ፦ የትኛው ሰው፣ በየትኛው ዕጣ፣ በሳምንት ስንት ብር፤ ሙሉው 500፣ ግማሹ 250። ዙር፦ ስንተኛ ሳምንት፣ የትኛው ቀን፣ የወጣው ዕጣ። ክፍያ፦ የትኛው ድርሻ፣ ለየትኛው ዙር፣ መቼ ተመዘገበ። በዚህ አከፋፈል ሁለት ሰው አንድ ዕጣ ቢጋራ፣ አንድ ሰው ሦስት ዕጣ ቢይዝ፣ ምንም አይፈርስም።

አሁን ስለ እያንዳንዱ መስክ ጥቂት ልበል።

ስም አንድ መስክ ይሁን። ጃንጎ አብሮት የሚመጣው የተጠቃሚ ሠንጠረዥ ስምን በፈረንጅ ልማድ የራስና የቤተሰብ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው። ሙሉውን በአንድ መስክ አስገቡት፤ ሲደረደርም በራስ ስም ይደርደር።

ስልክ ቁጥር አይደለም፤ ጽሑፍ ነው። በቁጥር መስክ ካስቀመጣችሁት የ09ኝ ወይም የ07ቷ ዜሮ ትጠፋለች።

ብር በሙሉ ቁጥር ይቀመጥ። ፓይተን ላይ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ምን እንደሚመጣ ሞክራችሁ እዩ፤ 0.30000000000000004 ነው። ሳንቲም የግድ ካስፈለገ ብሩን በ100 አባዝታችሁ ሳንቲሙን በሙሉ ቁጥር ያዙ።

ሠንጠረዦችን በሚያያይዘው «ፎሬንኪ» ላይ፣ አንዱ ሲሰረዝ ሌላው ምን ይሁን ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። መማሪያዎች ላይ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ «ካስኬድ» ነው፤ ትርጉሙ «አብሮ ይጥፋ» ነው። በገንዘብ መዝገብ ላይ ይህን አትምረጡ። ሰውየውን በስሕተት የሰረዘች ጸሐፊ ክፍያዎቹን በሙሉ ትሰርዛለች። «ፕሮቴክት» በሉት፤ ክፍያ የተመዘገበለት ሰው አልሰረዝም ይላል።

ከዙር ወደ ዕጣ የሚሄደውን ማያያዣ «ዋንቱዋን» አድርጉት፤ ዕጣው እስኪወጣ ባዶ መሆን ይፈቀድለት። በዚህ ብቻ አንድ ዕጣ ሁለት ጊዜ ሊበላ አይችልም፤ ዳታቤዙ ራሱ ይከለክላል። ክፍያ ላይ ደግሞ ድርሻና ዙር አንድ ላይ እንዳይደገሙ የሚያግድ ደንብ ጨምሩ። ያን ጊዜ «ሁለቴ ጥዬአለሁ» የሚባል ነገር መዝገብ ውስጥ አይገባም። የእናንተ እቁብ «ዛሬ 300፣ ማክሰኞ 200» የሚፈቅድ ከሆነ ግን ይህ ደንብ ያጣላችኋል፤ የአክስቴ እቁብ ካልሞላ አይመዘግብም።

ፓይተን 3 የክላስና የተለዋዋጭ ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ እንደሚፈቅድ ታውቃላችሁ? ክላሱን በቀጥታ «ድርሻ» ብላችሁ ብትሰይሙት ይሠራል። አምሮኝ ሞክሬው ነበር፤ በየመስመሩ ኪቦርድ መቀያየሩ ስላማረረኝ ተውኩት። ኮዱ በላቲን ይሁን፣ ጸሐፊዋ የምታየው መጠሪያ በአማርኛ ይሁን። ለዚህም እያንዳንዱ ሞዴል ውስጥ ባለው «ሜታ» ላይ ነጠላውንም ብዙውንም ስም ስጡ። ብዙውን ካልሰጣችሁት ጃንጎ ሰው በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛዋን «ኤስ» ይለጥፍባችኋል። መዝገቡ ሲነበብ ምን እንደሚል የሚወስነውን «ስትር» ፈንክሽንም አትርሱ፤ ካለሱ 33 ሰዎች ሁሉም «ኦብጀክት» ይባላሉ።

ሲያልቅ፦

«ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ሜክማይግሬሽንስ»

«ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ማይግሬት»

የመጀመሪያው ለውጡን በፋይል ይጽፋል፤ ሁለተኛው ዳታቤዙ ላይ ይተገብራል። ሞዴል በቀየራችሁ ቁጥር ሁለቱንም ታስኬዳላችሁ።

አድሚኑን ማዘጋጀት

«ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ክሪኤትሱፐርዩዘር» ብላችሁ የጸሐፊዋን መግቢያ ፍጠሩ። የይለፍ ቃል ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ አልተበላሸም። ከዚያ «አድሚን» በሚለው ፋይል ውስጥ አምስቱን ሞዴሎች መዝግቡና «ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ራንሰርቨር» በሉ። ብራውዘር ላይ 127.0.0.1:8000 ብላችሁ ከኋላው «/አድሚን/» ስትጨምሩ መግቢያው ይመጣል።

እንዲሁ ቢተው ክፍያ ለማስገባት እያንዳንዱን ለብቻው መክፈት ሊኖርባችሁ ነው። «ታቡላር ኢንላይን» የሚባለውን በዙር ገጽ ላይ ስታክሉ ግን አንድ እሑድ ሲከፈት የክፍያ መስመሮቹ በሙሉ ከሥሩ ይደረደራሉ። አክስቴ የምትከፍተው ይህን አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ከአድሚን ውጭ በእጅ የሠራሁት ገጽ አንድ ነው፦ «ዛሬ ያልጣለ ማን ነው?» አሠራሩ አጭር ነው። ድርሻዎችን በሙሉ ትወስዳላችሁ፤ በ«ኤክስክሉድ» ለዚህ ዙር ክፍያ ያላቸውን ታስወጣላችሁ፤ የቀሩትን ከነስልካቸው ታሳያላችሁ። ቴምፕሌቱ (የገጹ ንድፍ ፋይል) አናት ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ግለጹ፤ ስፋቱ ከስልክ ስክሪን ጋር እንዲሄድ «ቪውፖርት» የሚለውን መስመር ጨምሩ። ቡትስትራፕንና ፎንቱን መዝገብ አፕ ውስጥ «ስታቲክ» በሚል ፎልደር አስቀምጡ፤ በሲኤስኤሱ ላይም ፎንቱን ከዚያው ጥሩ። ከኢንተርኔት የሚጠራ አንድም መስመር አይኑር። የመማሪያ ቪዲዮዎች ከውጭ ሰርቨር ጥሩ ይሏችኋል፤ እነሱ መስመር አይቋረጥባቸውም።

ዕጣውንም ኮምፒውተሩ ያውጣው ብዬ ነበር። አክስቴ «ማን ያምነዋል?» አለችኝ። ልክ ናት፤ የተጠቀለለ ወረቀት ሁሉም እያየው ከሳህን ይወጣል፤ መተግበሪያው ውጤቱን ብቻ ይመዘግባል።

የእኛ ዘመን አቆጣጠር

ዳታቤዙ ውስጥ ቀኑ በፈረንጅ ይቀመጥ፣ ስክሪኑ ላይ በእኛ ይታይ። «ሰባት ወይም ስምንት ቀንስ» የሚለው ዘዴ ጳጉሜ ላይ ይሰበራል፤ በትክክል እንሥራው። ለብቻው ጥቅል አያስፈልግም።

ፓይተን «ቱኦርዲናል» የሚባል ፈንክሽን አለው፤ አንድ ቀን ከፈረንጆቹ ዓመት 1፣ ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። በዚህ ቆጠራ የእኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 2,796ኛው ቀን ነው። ስለዚህ ከእኛ ወደ ፈረንጅ፦

2,795 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × (ወር − 1) + ቀን

መስከረም 1 ቀን 2017ን እናስላ፦ 2,795 + 735,840 + 504 + 0 + 1 = 739,140። ይህን ቁጥር ለ«ፍሮምኦርዲናል» ስትሰጡት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ይላል።

ወደ እኛ ለመመለስ ከተራ ቁጥሩ 2,796 ቀንሱ፤ በ4 አባዙ፤ 1,463 ደምሩ፤ ለ1,461 አካፍላችሁ ቀሪውን ጣሉ። የሚመጣው ዓመቱ ነው። 1,461 የአራት ዓመት ቀናት ድምር መሆኑን ልብ በሉ፤ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ። ከዚያ የዚያን ዓመት መስከረም 1 ከላይ ባለው ቀመር አግኝታችሁ ልዩነቱን ለ30 አካፍሉ። ድርሻው ላይ 1 ስትጨምሩ ወሩ፣ ቀሪው ላይ 1 ስትጨምሩ ቀኑ ይመጣል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ሆና በራሷ ትወጣለች፤ የተለየ ኮድ አትጠይቅም።

መፈተኛችሁ የሉቃስ ዓመት ይሁን። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ሆናለች፦ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜ 6 ቀን 2015፣ ማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ሊላችሁ ይገባል። እነዚህን ሁለቱን ካለፈ እመኑት። ስሌቱን ፈንክሽን አድርጋችሁ «ቴምፕሌትታግስ» ፎልደር ውስጥ እንደ ማጣሪያ መዝግቡት።

ጸሐፊዋ ቀን እንዳትጽፍ ደግሞ 30ውን ዙሮች እቁቡ ሲጀመር በአንድ ትንሽ ስክሪፕት ፍጠሯቸው፤ ከመጀመሪያው እሑድ 7 ቀን እየጨመሩ መሄድ ነው።

ፍለጋና ሞክሼ ፊደላት

አንዱ ኃይሉ ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው ሀይሉ ብሎ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ «የለም» ይላል። ዓለምና አለም፣ ፀሐይና ጸሀይም እንደዚያው። መፍትሔው ሰው ሠንጠረዥ ላይ ለሰው የማይታይ «መፈለጊያ» የሚል መስክ ጨምሮ፣ ስሙን ወደ አንድ ወጥ ፊደል ቀይሮ እዚያ ማስቀመጥ ነው። የሚፈለገው ቃልም በዚያው መንገድ ይቀየራል።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ዘር 8 ቦታ ይዞ በተርታ መደርደሩ ሥራውን ያቀልልናል። «ኦርድ» በሚለው ፈንክሽን ብታዩት ሀ 4608 ነው። ሐ ከሀ በ16፣ ኀ ደግሞ በ128 ይርቃል። ሠ ከሰ 16 ቀድሞ ይገኛል። ዐ ከአ 48፣ ፀ ከጸ 8 ወደፊት ነው። ስለዚህ ሰባቱን ቤቶች በሉፕ እየዞራችሁ ልዩነቱን በመደመርና በመቀነስ የመቀየሪያ ሠንጠረዡን በጥቂት መስመር ትሠራላችሁ። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ፤ ድምፃቸው አንድ ነውና። ሠንጠረዡን «ትራንስሌት» ለሚባለው ፈንክሽን ስትሰጡት የቀረውን እሱ ይጨርሳል። መፈለጊያውን መስክ በ«ሴቭ» ውስጥ ሙሉት፤ ያን ጊዜ ስም በተስተካከለ ቁጥር አብሮ ይስተካከላል።

ሰዎች በየጽሑፋቸው የሚመርጡትን ፊደል ግን አትንኩባቸው። ዋናው የስም መስክ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ።

ስልኮቹን ማገናኘት

አንድ ስልክ ዳታውን አጥፍቶ ሆትስፖት ይክፈት፤ ላፕቶፑም የሰብሳቢውም ስልክ እሱ ላይ ይግቡ። ኢንተርኔት የለም፣ እርስ በርስ ግን ይተያያሉ። ላፕቶፑ ላይ፦

«ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ራንሰርቨር 0.0.0.0:8000»

የላፕቶፑን አድራሻ ዊንዶውስ ላይ በ«አይፒኮንፊግ»፣ ሊኑክስ ላይ በ«አይፒ ኤ» ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ 192.168.43.5 ከሆነ ስልኩ ብራውዘር ላይ 192.168.43.5:8000 ይጻፋል። ጃንጎ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ሴቲንግስ ውስጥ «አላውድ ሆስትስ» የሚለው ዝርዝር ላይ አድራሻውን ጨምሩለት። አሁንም ገጹ ካልመጣ ጥፋተኛው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፤ ለፓይተን ፍቀዱለት።

ራንሰርቨር ለመሥሪያ ጊዜ የተዘጋጀ ነው፤ ሰው የሚጠቀምበት መዝገብ ሲሆን ዌይትረስን አስነሡ። ገኒኮርን የሚባለው የታወቀው ሰርቨር ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ ዌይትረስ ግን ይሠራል፦

«ዌይትረስ-ሰርቭ --ሊስን=*:8000 ኮንፊግ.ደብሊውኤስጂአይ:አፕሊኬሽን»

ከዚህ በፊት ሴቲንግስ ላይ «ዲበግ»ን አጥፉ፤ ካልጠፋ ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዳችሁን ውስጥ ለእንግዳ ያሳያል። ሲጠፋ ደግሞ አድሚኑ ቀለሙን አውልቆ ራቁቱን ይቀራል፤ ጃንጎ የሲኤስኤስ ፋይሎችን ማቀበል ያቆማልና። ዋይትኖይዝን ያወረድነው ለዚህ ነው፦ ሚድልዌር ዝርዝሩ ላይ ከ«ሴኩሪቲ ሚድልዌር» ቀጥሎ አስገቡት፤ «ስታቲክ ሩት» ለሚለው ፎልደር ስጡና «ኮሌክትስታቲክ»ን አስኪዱ። ለሆትስፖቱ ጠንካራ ይለፍ ቃል ይሁንለት፤ በዚህ አሠራር መረጃው ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው።

መብራት ሲሄድ

ክፍያ እየተመዘገበ ሳለ ባትሪ የደከመ ላፕቶፕ ቢጠፋ ኤስኪውላይት ግማሽ ጽሑፍ አይተውም፤ ወይ ሙሉው ይገባል ወይ ጨርሶ አይገባም። ይህን የሚያደርገው ከመጻፉ በፊት የነበረውን ገልብጦ ጎን በማስቀመጥ ነው። መብራት ሲመለስ ከዳታቤዝ ፋይሉ አጠገብ ስሟ በ«ጆርናል» የሚያልቅ ፋይል ብታዩ፣ ቆሻሻ መስላችሁ አትሰርዟት። በሚቀጥለው መክፈቻ መዝገቡን ወደ ደኅና ሁኔታው የምትመልሰው እሷ ናት። ዳታቤዙን ለብቻው ቆርጦ ማዛወርም ከእሷ ይለየዋል።

መጠባበቂያ ለመያዝ ሰርቨሩን ዝጉና የዳታቤዝ ፋይሉን በቀኑ ስም ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉ። በጽሑፍ መልክም እንዲኖር ከፈለጋችሁ «ደምፕዳታ» አለ፤ ዊንዶውስ ላይ ግን አማርኛው እንዳያስቸግር እንዲህ በሉት፦

«ፓይተን -ኤክስዩቲኤፍ8 ማኔጅ.ፓይ ደምፕዳታ -ኦ መጠባበቂያ.ጄሰን»

ኮዱን በጊት ያዙ። ጊት ለመሥራት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሚፈልጉት ኮድ የሚሰቀልባቸው ድረ ገጾች ናቸው። «ጊትኢግኖር» ውስጥ ቬንቭን፣ ጎተራንና የዳታቤዝ ፋይሉን አስገቡ፤ የሰው ስልክና ሒሳብ ከኮድ ጋር አብሮ አይሄድም።

አንድ ቅዳሜ ፍላሹን ይዛችሁ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሁሉንም ከባዶ አንሡት፦ ቬንቭ፣ ጎተራ፣ የኮዱ ፎልደር፣ የዳታቤዙ ኮፒ። ስፈትነው የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ፎንቱን ረስቼ ነበር።

አክስቴ አሁን በላፕቶፑ ትመዘግባለች፤ ደብተሯን ግን አልተወችውም። እሑድ ማታ የዕለቱን ዝርዝር ከስክሪኑ እያየች ትገለብጥ ስለነበር፣ እሷን ለማሳረፍ አንድ ገጽ ጨመርኩ፦ የዙሩ ክፍያ በሠንጠረዥ፣ ግርጌው ላይ የጸሐፊና የሰብሳቢ ፊርማ ቦታ፣ ሲኤስኤሱ ላይ ለማተሚያ ብቻ የሚሠራ ክፍል ተጨምሮበት ቁልፎቹ ወረቀት ላይ እንዳይወጡ። ታትሞ ደብተሩ ውስጥ ይለጠፋል።